የሳይንስ ፊክሽን መጽሔቶችን ማን ገደላቸው? አንባቢው ነው ብዬ አላምንም

የማታ አንባቢ | ሰኞ፣ ምሽት 3:20

ሰላም ለሁላችሁ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

በፌብሩዋሪ 2025 የአሜሪካ ሦስቱ ትልልቅ የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ (የሳይንስና የምናብ ልቦለድ) መጽሔቶች ባለቤት ቀየሩ። አናሎግ፣ አሲሞቭስ፣ እና ሰው ሁሉ በአጭሩ ኤፍ ኤንድ ኤስ ኤፍ የሚለው የፋንታሲና የሳይንስ ፊክሽን መጽሔት ናቸው። ሦስቱም መስት ሪድ ማጋዚንስ የሚባል አዲስ ድርጅት እጅ ገቡ። ኤፍ ኤንድ ኤስ ኤፍ ደግሞ ከ2024 የበጋ እትም በኋላ ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ዜናውን ለጓደኞቼ ስነግር መልሳቸው አንድ ነው፤ «እንዴ፣ እነዚህ አሁንም በወረቀት ይታተማሉ?»

ይህን ጥያቄ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። ምክንያቱም ከጥያቄው ጀርባ «ማንም አላነበባቸውም፣ ስለዚህ ሞቱ» የሚል ግምት አለ። እውነቱ ግን እንደዚያ አይደለም።

ታሪኩን ለማያውቅ ባጭሩ ልበል። ሁጎ ገርንስባክ የሚባል ከሉክሰምበርግ የመጣ ስደተኛ በኤፕሪል 1926 ኒው ዮርክ ላይ አሜዚንግ ስቶሪስን አወጣ። ዋጋው 25 ሳንቲም ነበር። በእንግሊዝኛ ሙሉ በሙሉ ለሳይንስ ፊክሽን የተሰጠ የመጀመሪያው መጽሔት እሱ ነው። በጃንዋሪ 1930 አስታውንዲንግ መጣ፣ ዛሬ አናሎግ የሚባለው። ኤፍ ኤንድ ኤስ ኤፍ በ1949፣ ጋላክሲ በ1950 ተከተሉ። በ1953 አሜሪካ ውስጥ ከ30 በላይ እንዲህ ዓይነት መጽሔቶች ነበሩ። በ1960 መጨረሻ ስድስት ቀሩ።

በሰባት ዓመት ውስጥ! ምን ነካቸው? ሰው ሁሉ «ቴሌቪዥን ነው» ይላል። ቴሌቪዥን ድርሻ አለው። ርካሹ የኪስ መጽሐፍም ድርሻ አለው። ግን በ1957 የሆነው ነገር ሁሌም ይዘለላል። አሜሪካን ኒውስ ካምፓኒ የሚባል ግዙፍ አከፋፋይ ነበር። መጽሔት ከአሳታሚው ተቀብሎ በመላው አገሪቱ ለየኪዮስኩ የሚያደርሰው እሱ ነው። በዚያ ዓመት ፈረሰ። ብዙ መጽሔቶች አንባቢ እያላቸው ወደ አንባቢው የሚያደርሳቸው አጡ። የቀሩት አከፋፋዮች ትንንሾቹን አልፈለጓቸውም። የተቀበሏቸውም ቢሆን «በየወሩ ውጡ፣ መጠናችሁን ቀይሩ» እያሉ ነው።

ነገሩ በ1990ዎቹ ተደገመ። ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ከብዙ የሰፈር አከፋፋዮች ጋር መዋዋል ትተው ከጥቂት ግዙፎች ጋር ብቻ መሥራት ጀመሩ። የአካባቢ አከፋፋዮች በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዘጉ ወይም በሌሎች ተዋጡ። የአካባቢው ሰው ኮሌጁ አጠገብ ያለው ኪዮስክ አናሎግ እንደሚሸጥ ያውቅ ነበር። ግዙፉ ይህን ማወቅ አይፈልግም። በብዛት የሚሸጠውን ብቻ ይልካል። በዚያው ሰሞን በቅናሽ ደንበኛ የሚሰበስቡት ትልልቅ ወኪሎችም ትንንሽ መጽሔቶችን ከዝርዝራቸው አወጡ።

አናሎግ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከ100 ሺህ በላይ ቅጂ ነበረው። በ2010ዎቹ ከ30 ሺህ በታች ወርዷል። ይህ ሐሜት አይደለም። በአሜሪካ በመጽሔት የፖስታ ዋጋ የሚላክ ሕትመት በየዓመቱ ስንት እንዳሳተመና ስንት እንደሸጠ በራሱ ገጽ ላይ የማውጣት ግዴታ አለበት።

እኔ አንባቢው አልሸሸም፣ የተቆረጠው መንገዱ ነው ባይ ነኝ። እናንተስ?

---

ዶሮ ማነቂያ | ሰኞ፣ ምሽት 4:05

እህቴ፣ ጽሑፍሽን ወድጄዋለሁ። ግን አንድ ነገር ረስተሻል። እኛ አዲስ አበባ ላለነው መጀመሪያውኑ መንገድ አልነበረም እኮ!

እኔ እነዚህን መጽሔቶች ያየሁት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ጋ ነው። አብዛኛው ሽፋን የለውም። ተከታታይ ልቦለድ ክፍል ሁለቱ ይገኛል፣ ክፍል አንድና ክፍል ሦስት የለም። ደንበኛ እንሁን ብንል ዶላር የሚከፍል ካርድ ያስፈልጋል። ካርዱ ቢገኝ ፖስታው ዋጋውን እጥፍ ያደርገዋል።

አሁን ግን በስልኬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አነባለሁ። ስትሬንጅ ሆራይዘንስ የሚባለው የኦንላይን መጽሔት ከ2000 ጀምሮ አለ። ክላርክስወርልድ ከ2006፣ ላይትስፒድ ከ2010፣ አንካኒ ከ2014። ናይጄሪያውያን የጀመሩት ኦሜናናም በ2014 ነው የመጣው፣ የአፍሪካ ጸሐፊዎችን ያወጣል። በነፃ ነው የማነባቸው። ታሪኮቹ ደግሞ አንደኛ ደረጃ ናቸው፣ ትልልቆቹን ሽልማቶች እየወሰዱ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ ሲዳከም ለእኔ በር ተከፈተልኝ። ለምን ላልቅስለት?

---

አሮጌ አታሚ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1:40

ልጆቼ እንደምን አደራችሁ። ዕድሜዬን ማተሚያ ቤት ስለጨረስኩ ስለ ሽፋኑ አንድ ነገር ልንገራችሁ።

ዶሮ ማነቂያ፣ ሽፋን የለውም ያልከው መጽሔት በእርጅና ብቻ ላይሆን ይችላል የተላጠው። በአሜሪካ አሠራር ባለ ኪዮስኩ ያልተሸጠለትን ይመልሳል፣ ገንዘቡም ይመለስለታል። ሙሉውን ጥራዝ መልሶ ማጓጓዝ ግን ያከስራል። ስለዚህ ሽፋኑን ብቻ ገንጥሎ እንደ ማስረጃ ይልክ ነበር። የቀረው መወገድ አለበት። አንዳንዱ ሳይወገድ በጎን በርካሽ ይሸጣል፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲል የት እንደሚደርስ አይታወቅም። አንተ እጅ የገባው በሒሳብ መዝገብ ላይ «ያልተሸጠ» ተብሎ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል።

ይህ አሠራር አሳታሚውን ምን እንደሚያደርገው አስቡት። በኪዮስክ አንድ ቅጂ ለመሸጥ ሁለት፣ አንዳንዴ ከዚያም በላይ ማተም አለበት። የማይሸጠው ሁሉ ወረቀት ነው፣ ቀለም ነው፣ ማጓጓዣ ነው። ብዙ ማስታወቂያ ያለው መጽሔት ይህን ይሸከመዋል። የልቦለድ መጽሔት ማስታወቂያ የለውም። ሽቶ ሻጭም መኪና ሻጭም አይመጣለትም። የሚኖረው ከአንባቢው ኪስ በሚወጣው ብቻ ነው።

የወረቀት ነገር ደግሞ ከጥንት ጀምሮ የሚያስቸግር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወረቀት በኮታ ሲሆን አስታውንዲንግ በ1943 መጠኑን ቀንሶ ዛሬ የምናውቀውን ትንሽዬ ጥራዝ ሆነ። አንኖውን የሚባለው የፋንታሲ እህቱ በዚያው ዓመት ተዘጋ። አንባቢ አጥቶ አይደለም። ያለው ወረቀት ለሁለቱ ስላልበቃ ነው። እኔም ብዙ ቅን ሥራ ወረቀት እስኪገባ እየተባለ ሲቀር በዓይኔ አይቻለሁ። የእኛ ወረቀት በውጭ ምንዛሪ ነው የሚመጣው፣ ታውቁታላችሁ።

የማታ አንባቢ፣ ልጄ፣ ባልሽው እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። እነ አናሎግ እስከ 2025 የቆዩት በማን ጥላ ሥር እንደሆነ ታውቂያለሽ? የመስቀለኛ ቃላት መጽሔት በሚያሳትም ድርጅት ሥር ነው። ዴል ማጋዚንስ በ1992 ገዛቸው፣ ዴልን ደግሞ በ1996 ፔኒ ፕሬስ ገዛው። ሁለቱም የታወቁት በእንቆቅልሽና በመስቀለኛ ቃላት ነው። ማተሚያው፣ ወረቀቱ፣ ፖስታው፣ የደንበኛ መዝገቡ አንድ ላይ ይሠራል። ልቦለዱ ብቻውን ቢሆን ያን ወጪ አይችለውም ነበር።

---

ዶሮ ማነቂያ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2:15

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ! የሽፋኑን ነገር አላውቅም ነበር። እነዚያን መጽሔቶች ከአሁን በኋላ በሌላ ዓይን ነው የማያቸው።

---

ቀለም ቀንድ | ማክሰኞ፣ ቀን 6:30

እኔ ሲያትል ነኝ። በእንግሊዝኛ አጫጭር ታሪክ እጽፋለሁ። ሁላችሁም ስለ ወረቀትና ስለ መንገድ ነው የተናገራችሁት፣ ትክክል ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር አዘጋጁ ነው።

ታዋቂውን የሳይንስ ፊክሽን ደራሲ አይዛክ አሲሞቭን እንውሰድ። አባቱ ብሩክሊን ውስጥ የከረሜላ ሱቅ ነበራቸው። መጽሔትም ይሸጡ ነበር። ልጁን ግን እነዚያን ርካሽ መጽሔቶች እንዳታነብ ይሉት ነበር። አንዱ መጽሔት ስሙ ላይ «ሳይንስ» የሚል ቃል ስላለው አሳያቸውና ፈቀዱለት። በ1938 የመጀመሪያ ታሪኩን ይዞ ራሱ በእግሩ ወደ አስታውንዲንግ ቢሮ ሄደ። አዘጋጁ ጆን ካምቤል አስገብቶ ከአንድ ሰዓት በላይ አወያየው። ታሪኩን አልተቀበለውም። ግን ለምን እንዳልተቀበለው ነገረው። አሲሞቭ እየተመላለሰ መጻፍ የተማረው እንዲህ ነው። በ1941 ካምቤል ራሱ ሐሳቡን ሰጥቶ አንድ ታሪክ አጻፈው፣ እስከ ዛሬ ከምርጦቹ ይቆጠራል።

ደራሲዋ ኧርሱላ ለ ጉዊንም እንዲሁ። በ1962 ፋንታስቲክ ላይ የመጀመሪያውን የፋንታሲ ታሪኳን ገዝታ ያወጣችላት ሴል ጎልድስሚዝ ናት። ጎልድስሚዝ በወጣትነቷ አሜዚንግንና ፋንታስቲክን ሁለቱንም ትመራ ነበር። ስሟን የሚያነሳ ሰው ጥቂት መሆኑ ያሳዝነኛል። ደራሲዋ ኦክታቪያ በትለር የመጀመሪያ ሁጎዋን፣ የዘርፉን ትልቅ ሽልማት፣ በ1984 ስትወስድ ታሪኩ የወጣው አሲሞቭስ ላይ ነው፣ በሾና ማካርቲ አዘጋጅነት።

መጽሔት ማለት ለእኔ ይህ ነው። በየወሩ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የማያውቀውን ሰው ጽሑፍ ያነባል። ከመቶው አንዱን ይመርጣል። ለቀሪዎቹ አንዳንዴ «ይሄ ቦታ ላይ ላልቶብሻል» ብሎ ይጽፍላቸዋል። ይህን የሚያህል ትምህርት ቤት የለም።

---

ዶሮ ማነቂያ | ማክሰኞ፣ ቀን 7:10

ቀለም ቀንድ፣ ስለ ካምቤል ግን ሙሉውን እንናገር። ሳሙኤል ዲሌኒ ጥቁር አሜሪካዊ ደራሲ ነው። በ1967 ልቦለዱን በተከታታይ እንዲያወጡለት ለአናሎግ ሲልክ ካምቤል አልቀበልም አለ። ምክንያቱ ምን ነበር? አንባቢዎቼ ጥቁር ዋና ገጸ ባሕርይ ለመቀበል ዝግጁ አይደሉም ነው ያለው። ዲሌኒ ራሱ ጽፎታል። ካምቤል በአርታዒ ገጹም ላይ ስለ ዘር ብዙ የማይረባ ነገር ጽፏል።

አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይግባ፣ አይግባ የሚልበት ዘመን ነበር። እኔና አንቺን የሚመስል ሰው ውጭ ነው የቀረው።

---

ቀለም ቀንድ | ማክሰኞ፣ ምሽት 1:45

እውነት ነው። መነገርም አለበት። በ2019 በካምቤል ስም ይሰጥ የነበረው የአዲስ ጸሐፊዎች ሽልማት ስሙ የተቀየረው በዚህ ምክንያት ነው። የዚያ ዓመት ተሸላሚ ጃኔት ንግ ደብሊን ላይ መድረኩ ላይ ወጥታ በግልጽ ተናገረች። በዚያው ወር የሽልማቱ ስም አስታውንዲንግ ተባለ።

ግን ወንድሜ፣ መጥፎ በረኛ ስለነበረ አንባቢና መካሪ አያስፈልግም አንልም። ኤፍ ኤንድ ኤስ ኤፍን በ2021 ማዘጋጀት የጀመረችው ሺሪ ረኔ ቶማስ ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ፋያ የሚባለው መጽሔት በ2017 ለጥቁር ጸሐፊዎች ተብሎ ተቋቋመ። ጥሩ አዘጋጅ በመጨረሻ ሲገኝ መጽሔቱ ሊጠፋ ሲል ነው የሚያንገበግበኝ።

---

ፒያሳ 77 | ማክሰኞ፣ ምሽት 2:30

አንድ ነገር ብቻ። የድራጎን ፊልሞቹን የምትወዱ ሁሉ! የጆርጅ ማርቲን ትልቁ መጽሐፍ በ1996 ከመውጣቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የድራጎኗ ንግሥት ክፍል ተለይቶ አሲሞቭስ ላይ ወጥቶ ነበር። ለብቻው ሁጎ ሽልማት አግኝቷል።

የፍራንክ ኸርበርት ልቦለድ ዱንም መጀመሪያ በተከታታይ የወጣው አናሎግ ላይ ነው፣ ከ1963 መጨረሻ ጀምሮ። ከዚያ ወደ ሃያ የሚጠጉ መጽሐፍ አሳታሚዎች አንፈልግም አሉት። በመጨረሻ ያሳተመው ቺልተን ነው፣ የመኪና ጥገና መጽሐፍ በማሳተም የሚታወቀው። መጽሔቱ ባይኖር ዛሬ ዱንን ማን ያውቀው ነበር?

---

ማይን ዳር | ረቡዕ፣ ጠዋት 3:00

ሰላም ከፍራንክፈርት። የማታ አንባቢን ሐሳብ የሚያጠናክር ነገር ይዤ መጣሁ።

ጀርመን ውስጥ ፔሪ ሮዳን የሚባል የሳይንስ ፊክሽን ተከታታይ አለ። በሴፕቴምበር 8 ቀን 1961 ጀመረ። በየሳምንቱ ይወጣል። ቆሞ አያውቅም። በ2019 3000ኛው እትም ወጣ፣ አሁን ከ3,300 አልፏል። ቀጭን ጥራዝ ነው፣ ባቡር ጣቢያ ያለው ጋዜጣ መሸጫ ውስጥ ከመስቀለኛ ቃላቱና ከምግብ አሠራሩ መጽሔት አጠገብ ተደርድሮ አየዋለሁ። ሥራ ውሎ የደከመ ሰው ባቡር ከመሳፈሩ በፊት አንስቶ ይሄዳል። በእርግጥ የሚሸጠው እንደ ድሮው አይደለም፣ ዲጂታሉም ብዙ አንባቢ ወስዷል። ግን ወረቀቱ አለ።

ለምን እዚህ ቆየ? ጀርመኖች ከአሜሪካኖች የበለጠ ያነባሉ አልልም። ልዩነቱ የስርጭት ሥርዓቱ ይመስለኛል። እዚህ የጋዜጣና የመጽሔት ጅምላ አከፋፋይ የማንኛውንም አሳታሚ ሥራ ያለ አድልዎ መውሰድ አለበት። ትልቅ አሳታሚ ነህ፣ ትንሽ ነህ ብሎ አይመርጥም። እንግዲህ አሜሪካ ውስጥ በ1957 የሆነውንና በ1990ዎቹ የሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት።

ጣሊያንም ኡራኒያ አለ። ከ1952 ጀምሮ ሞንዳዶሪ የሚያሳትመው፣ በጋዜጣ ኪዮስክ የሚሸጥ።

---

የማታ አንባቢ | ረቡዕ፣ ቀን 9:20

ማይን ዳር፣ ይህን ነው ስፈልገው የነበረው! አከፋፋዩ እንዲያዳላ ካልተፈቀደለት ትንሹ መጽሔት ይኖራል።

ዶሮ ማነቂያ፣ የአንተ ነጥብ ግን እያስጨነቀኝ ነው ያደረው። ልክ ነህ፣ ለብዙ ሰው መንገዱ ከመጀመሪያው አልነበረም። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ኦንላይን የሚያነበው ሰው ፈልጎ የመጣ ሰው ነው። ክላርክስወርልድ የሚባል ነገር መኖሩን አስቀድሞ የሰማ ሰው ነው። ኪዮስክ ላይ ግን ሰው ሲጋራ ሊገዛ መጥቶ ሮኬት የተሳለበት ሽፋን ያያል፣ ያነሳል። የ12 ዓመት ልጅ ሱቅ ውስጥ እናቱን ሲጠብቅ ያነሳል። ያ ሳይፈልገው ድንገት የሚያገኘው ሰው ነው የጠፋብን። አዲስ አንባቢ የሚወለደው እዚያ ነበር።

---

ሲቹዋን በርበሬ | ረቡዕ፣ ምሽት 3:10

እኔ የተማርኩት ቼንግዱ ነው፣ ቻይና። የዓለም ትልቁ የሳይንስ ፊክሽን መጽሔት የሚታተመው እዚያ ነው ሲሉኝ አላመንኩም ነበር።

ሳይንስ ፊክሽን ወርልድ ይባላል። በ1979 በሌላ ስም ተጀመረ። በ1983 መንግሥት «መንፈሳዊ ብክለት» ብሎ ዘመቻ ሲከፍት ሳይንስ ፊክሽን ተወገዘ፣ ብዙዎቹ መጽሔቶች ተዘጉ። ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ይሄ ነው። ያንግ ሺያው የምትባል አዘጋጅ ነበረችው። በ1990 የዓለም የሳይንስ ፊክሽን ጸሐፊዎች ስብሰባ ሆላንድ ነበር። ለአውሮፕላን በቂ ገንዘብ ስላልነበራቸው ስምንት ቀን በባቡር ተጉዛ ሄደች። ቀጣዩ ስብሰባ ቼንግዱ እንዲሆን አሳምና ተመለሰች። በ1991 እዚያው ተደረገ።

ከዚያ 1999 መጣ። የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ላይ የድርሰቱ ርዕስ «ትዝታ ከሰው ወደ ሰው መዛወር ቢችል» የሚል ሆነ። መጽሔቱ ደግሞ ገና በዚያው ሰሞን ስለዚሁ ጉዳይ ጽፎ ነበር! ወላጅ ሁሉ ለልጁ መግዛት ጀመረ። ስርጭቱ ወደ 400 ሺህ ደረሰ። በ2006 ባለ ሦስት ፀሐዩን የሊዩ ሲሺን ልቦለድ በተከታታይ ያወጣው ይሄው መጽሔት ነው። እሱ ነው በ2015 በትርጉም ሁጎ ያሸነፈው። በ2023 ደግሞ የዓለም ሳይንስ ፊክሽን ጉባኤ ራሱ ቼንግዱ ሄደ።

ግን እዚያም ስርጭቱ ከዚያ ጫፍ ብዙ ወርዷል። ስማርት ስልክ መጣ። በየከተማው የመንገድ ላይ የጋዜጣ ኪዮስኮችም እየተነሱ ጠፉ። የማታ አንባቢ ያለችው እዚያም ሠርቷል።

---

ቀለም ቀንድ | ረቡዕ፣ ምሽት 4:40

ዶሮ ማነቂያ፣ ኦንላይኑም ያው አደጋ እንዳለበት ልንገርህ። ይህን የምለው ስለምወደው ነው።

በኦንላይን መጽሔት ብዙው ሰው በነፃ ነው የሚያነበው። የሚከፍሉት ጥቂቶቹ ናቸው ቤቱን የሚያቆሙት። ከእነሱ ብዙዎቹ የኢንተርኔቱ ሱቅ አማዞን ባለው ኪንድል በሚባል የዲጂታል ማንበቢያ በኩል ነበር የሚከፍሉት። አማዞን ያንን የመጽሔት ደንበኝነት በ2023 ሴፕቴምበር ዘጋው። እነ ክላርክስወርልድ ለዓመታት ያፈሯቸውን ከፋዮች በአንድ ጊዜ ሊያጡ ሆነ። ደንበኞቹ እነማን እንደሆኑ እንኳ አያውቁም፣ አድራሻቸው ያለው አማዞን ጋ ነው። ሰዎቹን በማስታወቂያ እየለመኑ ወደ ራሳቸው ድረ ገጽ ማምጣት ነበረባቸው።

በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰው በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) እያስጻፈ የላከው ጽሑፍ ክላርክስወርልድን አጥለቀለቀው። ፈጣን ገንዘብ ይገኛል የሚል ወሬ ሰምተው ነው። አዘጋጁ ኒል ክላርክ ጽሑፍ መቀበል ለጊዜው አቆመ፣ በቀጣዩ ወር ነው የተከፈተው። ብዙዎቹ ኦንላይን መጽሔቶች አዘጋጆቻቸው በቂ ደሞዝ የላቸውም። ስትሬንጅ ሆራይዘንስ የሚሠራው በበጎ ፈቃደኞች ነው። እነዚህ ሰዎች ማታ ከሥራ መልስ ነው የሚያነቡልን። ጊዜያቸውን በቆሻሻ ስንሞላባቸው እውነተኛው አዲስ ጸሐፊ ወረፋ ላይ ይቀራል።

---

የማታ አንባቢ | ሐሙስ፣ ጠዋት 2:50

ቀለም ቀንድ፣ ይህንን እኮ ከ1957 ጋር አያይዘሽ እዪው። ያኔ ብዙ መጽሔት በአንድ አከፋፋይ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ አከፋፋዩ ሲፈርስ አብሮ ወደቀ። በ2023 ብዙ መጽሔት በአንድ ሱቅ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሱቁ ሐሳቡን ሲቀይር ተናጋ። ወረቀት ሆነ ስክሪን፣ ለውጥ የለውም። የአንባቢው ስምና አድራሻ በማን እጅ ነው? ጥያቄው ይሄ ነው። ክላርክስወርልድ የተረፈው አንባቢዎቹ በቀጥታ ለእሱ መክፈል ስለጀመሩ ነው።

---

አሮጌ አታሚ | ሐሙስ፣ ቀን 5:30

ልጄ፣ በትክክል አስቀመጥሽው። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቶ የሚያነበውን ሰው አስታወሳችሁኝ። አንድ ቅጂ በቀን ለስንት ሰው ይደርስ ነበር! አሳታሚው ግን የሚያገኘው የአንዱን ዋጋ ብቻ ነው። አንባቢ ሞልቶ አሳታሚ የሚራብበት ነገር አዲስ አይደለም። ለሚወዱት ነገር በቀጥታ መክፈል ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ። እኔ ወረቀት ናፋቂ ነኝ፣ ግን ዓይኔ ደክሟል። እነዚያን የ1950ዎቹን መጽሔቶች በትልቅ ፊደል የማይበት ቦታ አለ?

---

ፒያሳ 77 | ሐሙስ፣ ቀን 6:05

ጋሼ፣ ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ ጋላክሲ በብዛት ስካን ተደርጎ ተቀምጧል፣ ከኦክቶበር 1950ው የመጀመሪያ እትም ጀምሮ። ከሽፋኑ ጋር ነው፣ ማስታወቂያውና የአንባቢ ደብዳቤው ሳይቀር። በታብሌት ያጉሉት። የልጅ ልጅ ካለዎት ያስተካክልልዎታል፣ ካልሆነም እኔ በስልክ አሳይዎታለሁ።

---

ዶሮ ማነቂያ | ሐሙስ፣ ምሽት 2:00

የሁላችሁንም አነበብኩ። በኦንላይን መጽሔት አሁንም አምናለሁ። ግን በነፃ ብቻ እያነበብኩ እንዳልቀጥል አሳምናችሁኛል። ጓደኞቼ ጋር ተነጋግረን ለአንዱ መጽሔት በጋራ በየወሩ ልናዋጣ ነው። ውጭ ያለው ዘመዳችን ካርዱን ይሰጠናል።

ቀለም ቀንድ፣ አንድ ታሪክ ጽፌያለሁ፣ በእንግሊዝኛ። ስለ አዋሽ ነው፣ ወንዙ የደረቀበት ዘመን ላይ። ከዚህ ሆኜ መላክ እችላለሁ?

---

ቀለም ቀንድ | ሐሙስ፣ ምሽት 3:35

ትችላለህ! በጣም ደስ ብሎኛል። የማውቀውን ልንገርህ።

መጀመሪያ የመጽሔቱን የመቀበያ መመሪያ አንብብ። የቃላት ገደብ አለው፣ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ አለው። ከመላክህ በፊት በቅርብ ያወጧቸውን ጥቂት ታሪኮች አንብብ። በኤአይ አታስነካው፣ አብዛኞቹ አይቀበሉም። ለማንበቢያ ክፈል የሚልህ ካለ ተወው፣ ገንዘብ ከመጽሔቱ ወደ ጸሐፊው ነው የሚሄደው። የአሜሪካ የሳይንስ ፊክሽንና የፋንታሲ ጸሐፊዎች ማኅበር ከ2019 ጀምሮ ያስቀመጠው ዝቅተኛ የባለሙያ ክፍያ በቃል 8 ሳንቲም ነው። የ5,000 ቃላት ታሪክ 400 ዶላር ማለት ነው። ብዙዎቹ ፔይፓል በሚባል የኢንተርኔት ገንዘብ መላኪያ ስለሚከፍሉ ውል ከመፈረምህ በፊት በባንክ ማስተላለፍ ይችሉ እንደሆነ ጠይቃቸው።

አንድ ታሪክ በአንድ ጊዜ ለአንድ መጽሔት ብቻ ላክ፣ ሌላ ካልፈቀዱ በስተቀር። «አልተቀበልንም» ቢሉህ በማግሥቱ ለሌላው ላከው። የአፍሪካ ጸሐፊ ስለሆንክ ኦሜናና መቼ ጽሑፍ እንደሚቀበል ተከታተል።

ከመላክህ በፊት ግን ረቂቁን ለእኔ በግል መልእክት ስደደው። ቅዳሜ አነበዋለሁ፣ የላላበትን ቦታ እነግርሃለሁ።